የጉበት ሴሎች ለንቅለ ተከላ የሚዘጋጁት እንዴት ነው?

ክሪግለር ናጃር የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለበት ልጅ ጉበቱ በመልኩም ሆነ በደም ዝውውሩ ደህና ነው፤ የጎደለው ቢሊሩቢንን (ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ የሚፈጠረውን ቢጫ ንጥረ ነገር) ለማስወገድ የሚያስፈልገው አንድ ኢንዛይም ብቻ ነው። ስለዚህ ጉበቱን በሙሉ ከመቀየር ይልቅ የሌላ ሰው ጤናማ ሴሎችን መጨመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ በሆነው የአሜሪካ ሙከራ 7.5 ቢሊዮን ያህል ሴሎች የተሰጧት የ10 ዓመት ልጅ የቢሊሩቢኗ መጠን በግማሽ ገደማ ቀንሶላታል። እኔ የሠራሁት ሴሎቹ በሚዘጋጁበት ክፍል ስለሆነ አብዝቼ የምናገረውም ስለዚያው ነው።

በመጀመሪያ ጉበት ይገኛል። ደህናው ለሙሉ ንቅለ ተከላ ስለሚውል ለእኛ የሚደርሰን በአብዛኛው ሐኪሞች ያልመረጡት ወይም ጉበት ሲከፈል የተረፈው ቁራጭ ነው። ስብ የበዛበትን ጉበት ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልወደውም፤ ሴሎቹ በቀላሉ ይሞታሉ።

ቀጥሎ በቁራጩ ላይ በሚታዩት የደም ሥሮች አፍ ቱቦ ገብቶ በክር ይታሰርና 37 ዲግሪ የሞቀ ፈሳሽ በፓምፕ ይገፋል። የሥራው ሁሉ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የጉበት ሴሎችን እርስ በርስ ካጣበቋቸው ነገሮች አንዱ ካልሲየም ስለሆነ የመጀመሪያው ፈሳሽ ካልሲየምን የሚለቅም ኢጂቲኤ የተባለ ንጥረ ነገር ይዟል፤ ጉበቱም ደሙ እየታጠበ ከጥቁር ቀይ ወደ ገረጣ ቡናማ ይለወጣል። ሁለተኛው ፈሳሽ ሴሎቹን አቅፎ የያዘውን መረብ የሚያሟሟውን ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም የያዘ ሲሆን ይህ ኢንዛይም ደግሞ ያለ ካልሲየም አይሠራም። በመካከል ኢጂቲኤውን አጥቦ የማስወጣት እርምጃ አለ፤ አሰልቺ ነውና ለመዝለል ይፈትናል።

አንድ ቀን ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ዘለልኩት። ኮላጅኔዙ ገብቶ ደቂቃዎች ቢቆጠሩም ጉበቱ እንደ ደረቀ ቀረ፤ እኔም ኢንዛይሙ ያነሰ መስሎኝ ጨመርኩበት። ኢጂቲኤው ታጥቦ ሲያልቅ የጨመርኩት ሁሉ በአንዴ ሥራ ጀመረና ከሴሎቹ አብዛኞቹ ሞቱ። ደግነቱ ቁራጩ ለምርምር የመጣ ስለነበር የሚጠብቀው ሕመምተኛ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የማምነው ሰዓቱን ሳይሆን ጣቴን ነው፤ በጓንት ተጭኜ ስለቀው ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ሳይሞላ ከቀረ ፓምፑን አቆማለሁ።

የላላው ጉበት በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይፈታል፣ ይጣራል፣ ከዚያም በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ከባዱን ወደ ታች በሚያዘቅጥ መሣሪያ) የመሬት ስበትን 50 እጥፍ ብቻ በሚሆን ኃይል ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ሄፓቶሳይቶች፣ ማለትም የምንፈልጋቸው ዋናዎቹ የጉበት ሴሎች፣ ትልልቅና ከባድ በመሆናቸው በዚህ ዝግታም ይዘቅጣሉ፤ ፍጥነት መጨመር የሚያተርፈው የሞቱትን አብሮ መሰብሰብ ነው። በመጨረሻ ሴሎቹ ትራይፓን ብሉ በተባለ ቀለም ይፈተናሉ፤ የሞተው ሴል ሰማያዊ ይሆናል፣ ሕያው የሆነው ቀለሙን አያስገባም። ብዙ ማዕከላት ለሕመምተኛ የሚሰጡት ቢያንስ 60 በመቶው ሕያው ሲሆን ነው። ለቆጠራው ከመሣሪያ ይልቅ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ዓይን እመርጣለሁ።

መስጠቱ የሐኪሙ ሥራ ነው። ሴሎቹ ወደ ጉበት በሚገባው ፖርታል በተባለው የደም ሥር በዝግታ ይለቀቃሉ፤ መንገዱን ሊዘጉ ስለሚችሉ የደም ሥሩ ግፊት እየተለካ ከፍ ካለ ይቆማል። ሰውነት እንዳይቃወማቸውም እንደ ታክሮሊመስ ያለ መድኃኒት ይታዘዛል። ሴሎቹ ያሉበት ከረጢት ዝም ብሎ ተሰቅሎ ከቀረ ሴሎቹ ከታች ይዘቅጣሉና ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ሰው በእጁ ቀስ እያለ ሊያገላብጠው ይገባል።