በዓል ሲከለከል እንዴት ይቆያል? ገናን ካላስነጠቁት እንግሊዞች የምንማረው

መጀመሪያ ክልከላው የት ድረስ እንደሚደርስ ለዩ። በፈረንጆቹ 1647 ጁን ላይ የእንግሊዝ ፓርላማ ገናንም ፋሲካንም ጰራቅሊጦስንም በአንዴ ሰረዛቸው፣ ፒዩሪታኖቹ (ቤተክርስቲያንን ከድሮ ልማድ እናጥራ የሚሉ ፕሮቴስታንቶች) መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የሌለ ነገር ነው ስካርና ጭፈራ ነው ይሉ ነበር። ግን አዋጁ የሚይዘው ቤተክርስቲያኑንና ገበያውን ነው፣ እያንዳንዱ ቤት ገብቶ ማን ምን እንደበላ ማየት የሚችል መንግሥት የለም፣ ስለዚህ በዓሉን ማዕድ ላይ አቆዩት።

ከዛ ሱቅ አትክፈቱ። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ፓርላማው ገና ቀን ሆን ብሎ ስብሰባ ይቀመጥ ነበር፣ የለንደን ነጋዴ ግን አብዛኛው ዘግቶ ይውላል፣ ሁሉም ከዘጋ ማንን ይቀጣሉ?

የሚታይ ምልክትም ያስፈልጋል፣ ጎረቤት ብቻዬን አይደለሁም እንዲል። በ1647 ገና የለንደን ሥራ ለማጅ ወጣቶች ኮርንሂል ያለውን የውሃ ማደያ በብርድ የማይረግፍ ቅጠል አስጌጡት፣ ከንቲባው ራሱ ሊያስነሳው መጣ።

ሰው ላይ ግን እጅ አታንሱ ፕሊስ። የዛኑ ቀን ካንተርበሪ በምትባል የኬንት አውራጃ ከተማ ላይ የከተማዋ ከንቲባ ገበያ ይከፈት ብሎ 12 ሱቅ ሲከፈት ሕዝቡ ዕቃውን በታተነ፣ ከንቲባውም ተመትቶ ወደቀ። የታዘዘ ባለሱቅ ምን አጠፋ? ይልቅ የገረመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው፣ በ1648 ሜይ ጉዳዩ ለጁሪ ሲቀርብ ጁሪው ክሱን አልቀበልም አለ፣ ጁሪ ማለት ክስ ይቅረብ አይቅረብ ብለው የሚወስኑ የአገሬው ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ያላችሁ ከድንጋይ ወርዋሪው በላይ አቅም አላችሁ። ዋጋም አለው ግን፣ ነገሩ አድጎ ኬንት አመፀች፣ ጁን ላይ የፓርላማው ጄኔራል የፌርፋክስ ጦር እዛው ኬንት ሜድስተን ላይ ደመሰሳቸው፣ ሰው አለቀ።

ተሰብስባችሁ የምታመልኩ ከሆነ ደግሞ ከተያዝን ምን እንላለን የሚለውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በ1657 ገና ቀን ለንደን ስትራንድ ያለ ጸሎት ቤት ውስጥ ሰዎች ሲቆርቡ ወታደር ከበባቸው፣ ጠመንጃም ደገኑባቸው። ከተያዙት አንዱ ጆን ኤቨሊን በስደት ላለው የንጉሥ ልጅ ለቻርልስ ስቱዋርት ነው የምትጸልዩት ተብሎ ሲጠየቅ ለክርስቲያን ነገሥታትና ገዢዎች ሁሉ ነው አለ፣ አጭር መልስ፣ በኋላም ለቀቁት።

ልጆችን አትርሱ። ያ ቻርልስ በ1660 ንጉሥ ሆኖ ተመልሶ ክልከላው እስኪነሳ 13 ዓመት ሆኖታል፣ በዛ መሀል የተወለደ ልጅ መዝሙሩን የሚሰማው ቤት ውስጥ ብቻ ስለሆነ በየዓመቱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁም ቢሆን ዘምሩለት።