በክረምት የሚነጣውን የሞዴል ቫርኒሽ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ባሕር ዳር ላይ በክረምት ወራት፣ በ1፡24 መጠን (ከእውነተኛዋ መኪና 24 ጊዜ አሳንሼ) በሠራኋት የመኪና ሞዴል ላይ ከጣሳ የነፋሁት ላኬር ቫርኒሽ (ቶሎ የሚደርቅ ጥርት ያለ ሽፋን) ሲደርቅ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ አለ፤ ጣሪያዋም ነጣ። ንጣቱ የእርጥበት ውጤት ነው፦ ቲነሩ (ቫርኒሹን የሚያቀጥነው ፈሳሽ) በፍጥነት ሲተን የሞዴሉን ገጽ ስለሚያቀዘቅዘው፣ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ገና ባልደረቀው ቫርኒሽ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ዝናብ የሌለበትንና ፀሐይ የወጣበትን ረፋድ ጠብቄ፣ የሚረጨውን ጣሳ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆይቼ (የፈላ ውሃና እሳት ጣሳውን ሊያፈነዱት ስለሚችሉ ፈጽሞ አይሞከሩም) በደንብ ናጥኩት። ከዚያም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ከሞዴሏ ጫፍ ውጭ ጀምሬ ከሌላው ጫፍ ውጭ እየጨረስኩ፣ በመጀመሪያ ስስ፣ ቀጥሎም ረጠብ ያለ ንብብር ነፋሁባት። አዲሱ ላኬር የታችኛውን በጥቂቱ አሟሙቶ የታሰረውን እርጥበት ስለለቀቀው፣ የነጣው ጣሪያ ሳይፋቅ ጠራ፤ ይህን በዓይኔ ሳየው እጅግ ተደሰትሁ።

የቀረውን ጉርብጥብጥ፣ ቫርኒሹ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ፣ ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ በነከርኩት ባለ 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያም በባለ 3000 በቀስታ አለሰለስኩት፤ በመጨረሻም በጥጥ ጨርቅና በኮምፓውንድ (ማንጸባረቂያ ቅባት) ወለወልኩት። በበሮቹና በኮፈኑ ጠርዞች ላይ ቫርኒሹ ስስ ስለሚሆን ወረቀቱ እዚያ ባይደርስ ይመረጣል።