ኮፒ ፔስት ሳታደርጉ ከአንዱ ኤክሴል ፋይል ወደ ሌላው ዳታ መሳብ

የዋጋ ዝርዝሩ አንድ ፋይል ላይ፣ የቀን ሽያጩ ሌላ ፋይል ላይ ሆኖባችሁ ዋጋውን እያያችሁ በእጅ የምትሞሉ ካላችሁ ተዉት፣ ቪሉክአፕ (VLOOKUP) የሚባለው የኤክሴል ፎርሙላ ይሰራላችኋል።

ሁለቱንም ፋይል ክፈቱ። ሽያጩ ላይ ዋጋ የሚገባበት ሴል ውስጥ = ብላችሁ VLOOKUP ጻፉና ቅንፍ ክፈቱ፣ የእቃውን ኮድ ክሊክ አድርጉ፣ ኮማ፣ ከዛ ወደ ዋጋው ፋይል ሄዳችሁ ከኮዱ ኮለም እስከ ዋጋው ኮለም ድረስ ሰሌክት አድርጉ (ኮዱ የግድ በግራ መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት)፣ ኮማ፣ ዋጋው ከኮዱ ጀምሮ ስንተኛ ኮለም እንደሆነ ቁጥሩን፣ ኮማ፣ 0፣ ቅንፍ ዝጉና ኢንተር። ከዛ ወደ ታች መጎተት ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችውን 0 እንዳትረሷት በጣም አደራ! ከሌለች ኤክሴል ትክክለኛውን ኮድ ሳይሆን የሚቀርበውን ይወስዳል፣ ኤረር እንኳን ሳያሳይ የሌላ እቃ ዋጋ ሊያመጣላችሁ ይችላል፣ ማንም ሳያየው ሂሳቡ ተበላሽቶ ይቀራል።

ኤን ኤ (#N/A) የሚል ኤረር ከመጣ ደሞ የምትፈልጉት ነገር እዛኛው ፋይል ላይ አልተገኘም ማለት ነው። በአማርኛ ስም የምትፈልጉ ከሆነ አንዱ ጋ "ሳሙና" ሌላው ጋ "ሣሙና" ተብሎ ተጽፎ ይሆናል፣ ለኛ አንድ ነው ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያየ ቃል ነው፣ ለዚህ ነው በስም ሳይሆን በኮድ ፈልጉ የምለው። ኮዱም ሆኖ እምቢ ካለ ከኋላው ስፔስ እንዳለው እዩ፣ ወይም አንዱ ፋይል ላይ ቁጥር ሌላው ላይ ቴክስት ሆኖ ይሆናል።

የዋጋውን ፋይል ቦታ ወይም ስም ከቀየራችሁ ሊንኩ ይቋረጣል፣ ዳታ የሚለው ጋ ገብታችሁ ኤዲት ሊንክስ ላይ አዲሱን ቦታ ማሳየት ነው (አዲሶቹ ኤክሴሎች ላይ ወርክቡክ ሊንክስ ይላል)።

ጉግል ሺት የምትጠቀሙ ኢምፖርትሬንጅ (IMPORTRANGE) የሚባል ፎርሙላ አለላችሁ፣ የፋይሉን ሊንክና የሺቱን ስም ከነሬንጁ (ከየትኛው ሴል እስከ የትኛው ሴል እንደሆነ) በጥቅስ ውስጥ ትሰጡታላችሁ፣ መጀመሪያ ሬፍ (#REF!) የሚል ኤረር ሲያሳይ አትደንግጡ፣ ማውሱን እሱ ላይ አድርጋችሁ አላው አክሰስ በሉት።

ደሞ ቀኑ ሲያልቅ የተሸጠበትን ዋጋ ኮፒ አድርጋችሁ እዛው ላይ ቫልዩስ ብላችሁ ፔስት አድርጉት፣ ካልሆነ ነገ ዋጋ ስትቀይሩ ያለፈው ወር ሽያጭም አብሮ ይቀየራል።