ፊርማ ከማሰባሰባችሁ በፊት ችካሉን እዩ፦ ሰፈርን ወደ ከተማ ስለማካለል

«ጋሼ፣ ሰፈራችን ከተማ ውስጥ ይካለል እያሉ ፊርማ እያስፈረሙ ነው። እንፈርም?»

ከከተማ ክልል ውጪ ቤት የገዙ ወገኖች በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ እያሉ ይደውሉልኛል። እኔን የሚጠይቁኝ ቀያሽ ስለነበርኩ ነው። ሀገር ቤት ችካል ስተክል፣ እዚህ ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ የቅየሳ ዘንግ ተሸክሜ ስዞር ነው ጉልበቴ ያለቀው። ሀገር ቤት ሳለሁ መካለል ከላይ የሚመጣ ነገር ነበር፤ ገበሬው የሚሰማው እኛ ችካል ይዘን ስንደርስ ነው። እዚህ ጠያቂው ራሱ ነዋሪው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አካሄዱን ማወቅ የሚበጀው።

መጀመሪያ የደሴቱን ነገር ልንገራችሁ። ከሲያትል በፌሪ 35 ደቂቃ ነው። እስከ 1991 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው) እዚያ ከተማ የሚባለው ዊንስሎው ብቻ ነበር፤ በ1947 የተመሠረተች፣ አንድ ተኩል ካሬ ማይል ያህል የምትሆን። የቀረው ካውንቲ በሚባለው፣ ከከተማ ክልል ውጪ ያለውን መሬት በሚያስተዳድረው አካል ሥር ነበር። የካውንቲው መቀመጫ ፖርት ኦርቻርድ ከውሃ ማዶ ናት፤ የደሴቱ መሬት ምን ያህል ይሸንሸን፣ ምን ይሠራበት የሚለውም እዚያ ነበር የሚወሰነው። በኖቬምበር 1990 ድምፅ ተሰጠ፣ በጠባብ ልዩነት አለፈ፣ ፌብሩዋሪ 28፣ 1991 ደሴቱ በሙሉ ወደ ዊንስሎው ገባ፤ ወደ 28 ካሬ ማይል! አይጥ ላም ዋጠች እንደ ማለት ነው። ግን ቤቱን የወረሰችው የተዋጠችው ላም ናት፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 7 ዊንስሎው የሚለው ስም ቀርቶ ከተማዋ ቤይንብሪጅ አይላንድ ተባለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ራሳችሁን ቁጠሩ። ከምትገቡበት ከተማ ከበለጣችሁ ነገ ምክር ቤቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ቁጥራችሁ ካነሰ ግን የምትፈልጉትን ሳትፈርሙ በፊት ጠይቁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ቀጥሎ፣ መካለል ይፈቀድላችሁ እንደሆነ አጣሩ። በ1990 የወጣው የስቴቱ የዕድገት አስተዳደር ሕግ ካውንቲዎች የከተማ ዕድገት ወሰን እንዲያሰምሩ ያዛል፤ ያ ወሰን በተሰመረበት ካውንቲ ደግሞ ከተማ ከወሰኑ አልፎ መሬት መጠቅለል አይችልም። ዊንስሎው ያደረገችውን ዛሬ ሌላ ደሴት ላይ ልድገመው የሚል ሰው በር ተዘግቶ ነው የሚጠብቀው። የካውንቲው የፕላን ክፍል ካርታውን በነጻ ያሳያችኋል። ከወሰኑ ውጪ ከሆናችሁ ድካሙን ተዉት። ከውስጥ ከሆናችሁም መሬታችሁ ከከተማዋ ድንበር ጋር የተያያዘ መሆን አለበት።

አሁን መስመሩ። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተቃጥያለሁና ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከደሴቱ ድልድይ ማዶ ያለች አንዲት ትንሽ ሰፈር የመካለል ማመልከቻ ስታዘጋጅ የሚካለለው መሬት ድንበር በየት በየት እንደሚያልፍ የሚገልጸውን ጽሑፍ እኔ ነበርኩ የጻፍኩት። በአንድ በኩል ድንበሩ የካውንቲ መንገድ ነው። እንደ ለመድኩት መስመሩን በመንገዱ መሃል አሳለፍኩት፤ የግል ይዞታ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ እንዲያ ነውና። ለከተማ ግን አይሆንም። ሕጉ የከተማ ድንበር መንገድን ለሁለት እንዲሰነጥቅ አይፈቅድም፤ ወይ መንገዱ በሙሉ ይገባል፣ ወይ በሙሉ ይቀራል። ነገሩም እውነት አለው፤ በረዶ ሲጥል ግማሹን ከተማው፣ ግማሹን ካውንቲው ሊጠርግ ነው? ወረቀቱ ተመለሰ። ወሰኑ ሲለወጥ የተፈረመው ሁሉ ዋጋ አጣ። እንደገና ቤት ለቤት ዞርን። አንዲት ዶሮ የሚያረቡ አሮጊት ሁለተኛ ሲፈርሙ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ሦስተኛ ከመጣህ እንቁላል ትገዛለህ» አሉኝ። ሁለት ደርዘን ገዝቼ ወጣሁ።

ሌላም አለ፤ ከስድስት ወር ያለፈው ፊርማ አይቆጠርም። ቀኑን ፈራሚው ራሱ ይጻፍ።

መንገዱ በሙሉ ክፍት ከሆነ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። በአብዛኞቹ የስቴቱ ከተሞች የአካባቢውን ንብረት ግምት ቢያንስ 10 በመቶ የያዙ ባለቤቶች ሐሳባቸውን በጽሑፍ ለከተማው ያስገባሉ። ምክር ቤቱ በ60 ቀን ውስጥ ስብሰባ ጠርቶ ይቀበላል፣ ወሰኑን ያሻሽላል ወይ ይጥለዋል። ከተማው ቀድሞ የተበደረውን ዕዳ ትካፈላላችሁ አትካፈሉም የሚለውም የሚነሳው እዚያ ነው፤ ሁላችሁም ተገኙ። ከዚያ ዋናው ፊርማ ይመጣል፤ የንብረቱን ግምት 60 በመቶ የያዙ ባለቤቶች መፈረም አለባቸው።

ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው ራስ አይደለም፣ ዋጋ ነው። ደሴት ላይ ይህ ከባድ ነገር ነው። ባሕሩን የሚያይ አንድ ቤት ከጫካው ውስጥ ካሉ በርከት ያሉ ትንንሽ ቤቶች ይመዝናል፤ ባለቤቱ ደግሞ በጋ ብቻ ብቅ የሚል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመዞራችሁ በፊት አሴሰር ከሚባለው የካውንቲው የንብረት ገማች የእያንዳንዱን ቤት ግምት አውጥታችሁ በወረቀት ደምሩ። ባለ ብድር ከሆናችሁ የባንኩ ፊርማ አያስፈልግም። ተከራይ ግን በዚህ መንገድ ድምፅ የለውም። ተከራይ የበዛበት ሰፈር ከሆነ እኔ ከፊርማው ይልቅ ሌላውን መንገድ፣ መካለሉ በሕዝብ ድምፅ የሚወሰንበትን ምርጫ እመክራለሁ፤ በዚያ መንገድ የተመዘገበ መራጭ ሁሉ ይገባበታል። በኪንግ ካውንቲ ብዙ ወገን የሚኖርበት ስካይዌይ በ2012 እንዲሁ በምርጫ ወደ ሬንተን መግባቱን አልፈልግም ብሏል።

ገንዘቡን በአጭሩ። ስትካለሉ ከ1,000 ዶላር ግምት እስከ 2.25 ዶላር ሊደርስ የሚችለው የካውንቲ የመንገድ ግብር ይቀራል፣ የከተማው የንብረት ግብር ይተካል። ከተማ በመብራትና በስልክ ላይ ሕዝብ ሳያስመርጥ እስከ 6 በመቶ ግብር ሊጥል ይችላል፤ ካውንቲ ይህን አይችልም። ለፊርማ የሚዞሩት ሰዎች ይህችን መስመር ብዙ ጊዜ ይዘሏታል።

የማይለወጠውንም ንገሩ። ቤይንብሪጅ ላይ እሳት አደጋው ዛሬም ዲስትሪክት የሚባል፣ ከከተማው የተለየ የራሱ አስተዳደር ነው፣ ትምህርት ቤቱም እንደዚያው፣ ፌሪው የስቴቱ ነው። ከተማ ገባን ብሎ የፍሳሽ መስመር ደጁ የሚመጣለት መስሎት ሴፕቲክ ታንኩን ማስጠረግ የተወ ሰው አውቃለሁ፤ ሽታው ለጎረቤት ተረፈ። የውሃ ጉድጓዳችሁም ያው ጉድጓዳችሁ ነው።

ከጸደቀ በኋላ የግብር ወረቀታችሁ ሲመጣ የመንገድ ግብር የሚለውን መስመር ፈልጉ። ወዲያውኑ ላይጠፋ ይችላል፤ የሚቀጥለውንም ዓመት ዓይታችሁ አሁንም ካለ፣ እኔ ጋ ሳይሆን አሴሰሩ ጋ ደውሉ።