ጎንደር ላይ ሆኖ የጥቁርና ነጭ ስላይድ ኬሚካል ማሰባሰብ

ጎንደር ውስጥ «የፎቶ ኬሚካል» የሚል ታፔላ ፍለጋ እግራችሁን አታድክሙ። የምትሄዱት ፋርማሲ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ፣ የሕክምና ዕቃ መደብር እና ወርቅ ቤት ነው። የሚያስፈልገው ነገር በብዛት በሌላ ሙያ ስም ተቀምጧል።

እኔ ለዓመታት ኤክስሬይ ክፍል ፊልም ሳጥብ ኖሬያለሁ። ዛሬ እቤቴ የማጥበው የራሴን ነው፤ ጥምቀትን በፋሲለደስ፣ ፒያሳን በክረምት። ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ ከሚወጣው ነጋቲቭ ይልቅ ስላይድ እወዳለሁ። ፊልሙን ወደ መስኮት ስታነሱት ጋቢው ነጭ፣ ጥላው ጥቁር ሆኖ እዚያው ይታያል። ማተም የለ፣ ስካን የለ።

ሥራው ባጭሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ዴቨሎፐር (ምስል አውጪ ፈሳሽ) ነጋቲቩን ያወጣል። ብሊቹ (የልብስ በረኪና አይደለም፤ ብር አሟሚ ፈሳሽ ነው) ያንን የጠቆረ ብር አሟሙቶ ይወስደዋል። ማጽጃው የብሊቹን ቡናማ ቅሪት ያነሳል። ከዚያ መብራት አብርታችሁ ፊልሙን በሁለቱም በኩል ብርሃን ታስመታላችሁ። በፊልሙ ላይ የተረፈውን ብር ሁለተኛው ዴቨሎፐር ያጠቁረዋል፤ መጨረሻ ላይ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር።

ሰው የሚፈራው ብሊቹን ነው፤ መፍራቱም ልክ ነው። ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ፖታሺየም ፐርማንጋኔት ነው፤ ቁስል ለማጠብ የሚታዘዘው ሐምራዊ ክሪስታል። ፋርማሲ ጠይቁ። ለሕገወጥ ዕፅ ማምረቻም ስለሚውል በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። ስለዚህ ፋርማሲስቷ «ለምንድን ነው?» ብትል አትቀየሟት። «እህቴ፣ ፊልም ላጥብበት ነው፤ 10 ግራም ይበቃኛል» በሏት። እውነቱን መናገር መንገዱን ያቀልላል።

ሁለተኛው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ድፍኑን (በውሃ ያልቀጠነውን) አትግዙ፤ የባትሪ አሲድ ይበቃል። መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ «ጋሼ፣ ያልተከፈተ አዲስ የባትሪ አሲድ አለ?» በሉ። ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ እንዳይሆን፤ እርሳስ አለበት። የጋራዡ ሰው የአሲድ መለኪያውን (ሃይድሮሜትር) ነክሮ 1.28 ካሳያችሁ 37 በመቶ ገደማ አሲድ ነው ማለት ነው። የውጭ ቀመሮች 10 ሚሊ ሊትር ድፍን አሲድ ሲሉ እናንተ 37 ሚሊ ሊትር የባትሪ አሲድ ትጠቀማላችሁ።

ለአንድ ሊትር በሁለት ጠርሙስ አዘጋጁ። በአንዱ 2 ግራም ፐርማንጋኔት በግማሽ ሊትር ውሃ ይሟሟል። በሌላው መጀመሪያ 460 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከዚያ አሲዱ ቀስ እያለ ይጨመርበታል። ውሃ በአሲድ ላይ በፍጹም አይፈስም። የፐርማንጋኔቱን ዱቄት በአሲድ ላይ መበተን ደግሞ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ይፈጥራል። ሁለቱ የሚገናኙት በውሃ ተበጥብጠው፣ ልታጥቡ ስትሉ ብቻ ነው፤ ከተቀላቀሉ በኋላ አይቆዩም። ጓንትና መነጽር ይኑራችሁ፤ መስኮት ክፈቱ። በረኪና እዚያ አካባቢ እንዳይደርስ፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ክሎሪን ያወጣል።

ውሃውን አደራ። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለ ክሎራይድ ብሩን መልሶ ይይዘውና ነጩ ይደፈርሳል። ለብሊች የተጣራውን የባትሪ ውሃ ተጠቀሙ፤ ከአሲዱ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። ሳትምታቱ ጽሑፉን አንብቡ።

አንዳንዱ ሰው «ዳይክሮሜት አለኝ፣ ልስጥህ» ይላል። ጥሩ ብሊች ይወጣዋል፤ ግን ካንሰር አምጪ ነው። እኔ እቤቴ አላስገባውም።

ለማጽጃው ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ያስፈልጋል፤ ለምግብና ለወይን ማቆያ የሚውል ነጭ ዱቄት ነው። በሊትር 25 ግራም። ሽታው ያስላል፤ አስም ያለበት ሰው ይራቅ።

ዴቨሎፐሩ ላይ አትቆጥቡ። የስላይዱ መልክ የሚወሰነው በመጀመሪያው ዴቨሎፐር ነው። ኃይለኛ መሆን አለበት። የኮዳክ ዲ-19 ቀመር በሊትር ሜቶል 2፣ ሶዲየም ሰልፋይት 90፣ ሃይድሮኪኖን 8፣ ውሃ አልባ ሶዲየም ካርቦኔት 45፣ ፖታሺየም ብሮማይድ 5 ግራም ነው። ሜቶልና ሃይድሮኪኖኑን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው አስመጡ። ካርቦኔቱን ግን እቤት ትሠሩታላችሁ። 71 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በብረት መጥበሻ ላይ እያማሰላችሁ በደንብ አሙቁት፤ ጋዙና እርጥበቱ ወጥቶ 45 ግራም ገደማ ይቀራል። አሉሚኒየም ድስት አይሆንም፣ ይበላዋል።

የኤክስሬይ ዴቨሎፐር ከሕክምና ዕቃ መደብር ካገኛችሁም ይሠራል፤ እሱም ሃይድሮኪኖን ያለበት ነው። ኤክስሬይ ወደ ዲጂታል እየሄደ ስለሆነ ስታዩት ግዙ፤ የማለቂያ ቀኑን እዩ። በቁራጭ ፊልም ሳትሞክሩ ሙሉ ጥቅል አትንከሩ። ነጩ ጥርት እንዲል በመጀመሪያው ዴቨሎፐር ላይ በሊትር 8 ግራም ያህል ሶዲየም ታዮሰልፌት ጨምሩ። ይኸው ታዮሰልፌት ፊክሰርም ይሆናችኋል።

ሁለተኛው ዴቨሎፐር አያስጨንቅም። የቀረውን ሁሉ ስለሚያጠቁር ታዮሰልፌት የሌለበት ማንኛውም ትኩስ ዴቨሎፐር ያገለግላል። የቡና ዴቨሎፐር ግን ለስላይድ አልመክርም፤ ለነጋቲቭ ያምራል፣ እዚህ ነጩን ያቀልመዋል።

2 ግራም በማንኪያ አይገመትም። የኪስ ዲጂታል ሚዛን ከሌላችሁ ከወርቅ ቤት ወዳጅ አስመዝኑ፤ ንጹሕ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሙቀቱን 20 ዲግሪ ላይ ያዙ፤ ፐርማንጋኔት የፊልሙን ሽፋን ያለሰልሳል፣ በሞቀ ውሃ ይላጣል። የጎንደር አየር እዚህ ላይ ያግዘናል።

ኬሚካል በለስላሳ ወይም በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጡ፤ ልጅ ይጠጣዋል። ስሙንና ቀኑን በትልቁ ጻፉበት። ያለቀውን ብሊች ሐምራዊው እስኪጠፋ ሜታባይሰልፋይት ጨምሩበት፣ ከዚያ አረፋው እስኪያበቃ ቤኪንግ ሶዳ እየጨመራችሁ አሲዱን አምክኑት። ያለቀው ፊክሰር ብር ስላለበት ለብቻው ይጠራቀም፤ እርሻና ጉድጓድ ላይ አይደፋም።