ኤፌክቱን ካሜራው ላይ መሥራት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፎቶሾፕ ሳይከፈት የመኪና መብራት መንገዱን ሙሉ ተዘርግቶ፣ ፏፏቴው ለስልሶ፣ የሰው ፊት ውስጥ ዛፍ በቅሎ የሚታይበት ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ውድ ካሜራ አይጠይቅም። ማኑዋል ሞድ (ሁሉን ራሳችሁ የምታስተካክሉበት) ያለው አሮጌ ካሜራም አብዛኛውን ይሠራዋል። ሥራውን የሚያበላሹት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

መጀመሪያ አውቶ። ማታ አውቶ ላይ ከተዋችሁት ካሜራው አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ይሰቅልና ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን በር) ቶሎ ይዘጋዋል፤ መብራቱ መስመር ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። ማኑዋል አድርጉት፦ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8 ወይም 11 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ሹተሩ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ። ሰዓትም ምረጡ። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በዛ ብሎ በሥራ መውጫ ሰዓት የእግረኛ ድልድይ ላይ የሚወጣ አለ፤ በዚያ ሰዓት መኪናው መች ይንቀሳቀስና! ከቆመ መኪና የምታገኙት የተቃጠለ ነጥብ ብቻ ነው። መንገዱ ቀለል ሲል ሂዱ። ድልድዩ ሰው በተራመደበት ቁጥር ስለሚነቃነቅ ደግሞ ትራይፖዱን መሃል ላይ ሳይሆን ምሰሶው ያለበት ጋ አቁሙት።

ትራይፖድ አለኝ ብሎ ማንሻውን በጣት መጫንም አለ። የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ፣ አለቀ። የሌንሱን ማረጋጊያም አጥፉት፤ ትራይፖድ ላይ ሆኖ የሌለ ንዝረት ላርም እያለ ራሱ ፎቶውን የሚያደበዝዝ ሌንስ አለ።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ቀን ላይ ውሃ ሲያነሳ ነው። ጢስ ዓባይ ሄዳችሁ ፀሐዩ እንዳለ ሹተሩን 1 ሰከንድ ብታደርጉት ፎቶው ነጭ ወረቀት ይሆናል። ኤፍ 22 ላይ ብትወጡም አያድናችሁም፣ ጭራሽ የምስሉን ጥራት ይቀንሰዋል። መፍትሔው ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚታሰር ጥቁር መስታወት) ነው። ባለ 10 ስቶፑ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ብርሃኑን ወደ 1000 እጥፍ ገደማ ስለሚቀንሰው 1/200 ሰከንድ የነበረው 5 ሰከንድ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ፊልተሩን ካሰሩ በኋላ ፎከስ ፍለጋ የሚገቡ አሉ፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ካሜራው ምን ያያል? ፎከሱን ቀድማችሁ ያዙ፣ ወደ ማኑዋል ፎከስ ቀይሩት፣ ከዚያ ፊልተሩን እሰሩ። መስታወት ያለው ዲኤስኤልአር ከሆነ ዐይን የሚጠጋበትን ቀዳዳም ሸፍኑት፣ በዚያ በኩል የሚገባ ብርሃን ፎቶውን ያበላሻል። ፊልተሩንም ቶሎ ቶሎ ጥረጉ፤ ጢሱ ስሙ ብቻ አይደለም፣ ያረጥባችኋል።

ማልቲፕል ኤክስፖዠር (ሁለት ምስል አንድ ላይ መደረብ) ሲሆን ስህተቱ የመጀመሪያው ምስል ላይ ነው። ሁለተኛው ምስል በደንብ የሚወጣው የመጀመሪያው ጨለማ በሆነበት ቦታ ነው፤ ነጭ የሆነው ቦታ ምንም አይቀበልም። ስለዚህ ሰውየውን ሰማዩን ከጀርባው አድርጋችሁ በጎን አንሱት፣ ፊቱ ይጥቆር፣ ሰማዩ ይንጣ። ከዚያ ቅጠሉን ወይም ዛፉን ደርቡበት። ካሜራው ብርሃኑን ራሱ እንዲያመጣጥን ካላዘዛችሁት በስተቀር ደግሞ ብርሃኑ ስለሚደመር ለሁለት ምስል እያንዳንዱን በ1 ስቶፕ፣ ለአራት በ2 ስቶፕ ቀንሱት።

ሠርግ ላይ እስክስታ በፍላሽና በዘገየ ሹተር የምታነሱ፣ ፍላሹን ሪር ከርተን ላይ (ሹተሩ ሊዘጋ ሲል እንዲበራ) አድርጉት። አለዚያ ፍላሹ መጀመሪያ ላይ ይበራና የእንቅስቃሴው ጥላ ከሰውየው ፊት ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ የሚጨፍር ይመስላል።

በልብ ቅርጽ የሚበሩ መብራቶችን ለማውጣት ጥቁር ወረቀት ላይ የልብ ቅርጽ ቀዶ ሌንስ ላይ ማሰር ቀላሉ ነው፤ ቅርጹን አታተልቁት እንጂ። የ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ቀዳዳ 28 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያ የሰፋ ቅርጽ አይታይም። 15 ሚሊሜትር አካባቢ ቅደዱት፣ አፐርቸሩንም (የሌንሱን ቀዳዳ) 1.8 ላይ ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የ20 ሰከንድ ፎቶ አንስታችሁ ካሜራው ሌላ 20 ሰከንድ ፀጥ ካለ አልተበላሸም። የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ (ሹተሩ ረጅም ጊዜ ሲከፈት የሚመጣ ነጠብጣብ) እያጸዳ ነው። ባትሪውን እንዳትነቅሉት።