ፒ0401 ኮድ፦ ቫልቮላ ከመግዛታችሁ በፊት

መኪናዋ የቤንዚን ናት፤ ኢጂአሯ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ቫልቮላ) በቫኪዩም፣ ማለትም በአየር መሳብ የሚከፈተው ዓይነት። የሞተር መብራት በራ፤ ጎንደር ላይ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅቡን ስትይዝ ደግሞ ሞተሩ ያንኳኳል። በኢኤልኤም 327 (የመኪና ኮድ ማንበቢያ) ሲነበብ ፒ0401 ወጣ፤ ወደ ሞተሩ የሚመለሰው ጭስ አንሷል ማለት ነው።

ኮዱ ቢጠፋም ተመልሶ መጣ። ካንዴላ ተቀየረ፣ ያው። ያገለገለ የኢጂአር ቫልቮላ ተገዝቶ ተገጠመ (ዋጋውን ባላነሳው ይሻላል)፣ አሁንም ያው።

ነገሩን የፈታው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ፣ የቫልቮላውን ቀጭን ጎማ ነቅዬ ፓምፑን ሰካሁና ሳብኩ። ጌጁ ባለበት ቆመ፣ ዘንጉም ሲነሳ ይታያል፤ ቫልቮላው ደህና ነው። ሞተሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ጭሱ ቢገባ ኖሮ መንገጫገጭ ወይም መጥፋት ነበረበት። ስለዚህ የተዘጋው መተላለፊያው ነው።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቫልቮላውን ፈታሁ። ወደ ማኒፎልዱ (ለሞተሩ አየር የሚያስገባው ቧንቧ) የሚገባው ቀዳዳ እስክሪብቶ እንኳ አያሳልፍም፤ ጥላሸቱ እንደ ምጣድ ቂጥ ደርቋል። ካርቡሬተር ክሊነር እየነፋሁ በካቻቪቴ ፈቀፈቅኩት። ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ጨርቅ ወትፉበት፤ ስትጨርሱ ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሱ። ጓርኒሲዮኑንም (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ) ቀይሩት፣ አሮጌው ማሸጊያ ጭስ ያስተነፍሳል።

ፓምፑን ደግሜ ስስብ ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ። ጎማውን መልሼ፣ ኮዱን አጥፍቼ አዘዞ ደርሼ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ መብራቱ አልበራም፣ ማንኳኳቱም የለም። የገጠምኩት የመጀመሪያውን ቫልቮላ ነው።